የትራቄ ነገሥታትን ማን ጠየቃቸው?

የግሪክ አፈ ታሪክ ሲነሣ ዜውስን ሁላችንም እናውቃለን። ሄርኩለስን በካርቱንም በፊልምም አይተነዋል። አኪለስን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ትሮይ የተባለው ፊልም ሲወጣ ብራድ ፒት አስተዋወቀን። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የክፉ ሰው ቦታ ሲጠፋ ስለሚጠሩ ሰዎች ነው። ስለ ትራቄ ነገሥታት።

"ትራቄ ደግሞ የት ነው?" ትሉ ይሆናል። ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ያነበበ ሰው ጳውሎስ በመርከብ ሲሄድ ያለፈባትን ሳሞትራቄን ያስታውሳል፤ የደሴቲቱ ስም "የትራቄዋ ሳሞስ" እንደማለት ነው። በዚያው ምዕራፍ የምትጠራው ፊልጵስዩስም የመቄዶንያ ከተማ ከመሆኗ በፊት አካባቢው የትራቄዎች ነበር። አገሩ ዛሬ ለሦስት ተከፍሏል፤ ቡልጋሪያ፣ ሰሜን ምሥራቅ ግሪክና የቱርክ አውሮፓዊ ክፍል። ሄሮዶቱስ ትራቄዎች ከሕንዶች ቀጥሎ ከሕዝብ ሁሉ የሚበዙ ናቸው፣ በአንድ ንጉሥ ሥር ቢሆኑ ወይም እርስ በርስ ቢስማሙ ኖሮ የሚችላቸው አይገኝም ነበር ብሎ ጽፏል። አልተስማሙም።

እስቲ ክሱን ልዘርዝርላችሁ። ዲዮሜዴስ የተባለው ንጉሥ እንግዳ እየያዘ ለፈረሶቹ ያበላ ነበር። ሊኩርጉስ አብዶ የገዛ ልጁን በመጥረቢያ ገደለ። ቴሬውስ የሚስቱን እኅት ደፍሮ ምላሷን ቆረጠ። ፊኔውስ የእንጀራ እናታቸውን ወሬ ሰምቶ የልጆቹን ዓይን አጠፋ። ፖሊሜስቶር በአደራ የተሰጠውን የትሮይ ንጉሥ ልጅ ለወርቅ ሲል ገደለ፤ በእኛ አነጋገር የለየለት አደራ በላ። ከታወቁት ውስጥ እንዲህ ያለ ወንጀል የማይነገርበት ሬሱስ ነው፤ እሱ ደግሞ ተኝቶ ሳለ ታረደ።

ጆርናሊዝም የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ወሬ ሲሰማ "ምንጩ ማነው?" ይላል። ይህን ዝርዝር አንድ ላይ ሳነበው ያ በሽታዬ ተነሣብኝ። የተከሳሹ ወገን ምን አለ? መልሱ አጭር ነው። ምንም። ትራቄዎች የራሳቸውን ሥነ ጽሑፍ አልተዉልንም። በቋንቋቸው የተጻፈ ብለን የምናገኘው በግሪክ ፊደል የተቀረጸ ጥቂት ነገር ነው። ስለ ነገሥታቱ የምናውቀውን ተረት ሁሉ የነገሩን ግሪኮች፣ ከእነሱም ተቀብለው ሮማውያን ናቸው። ሙሉ ፋይሉ በጎረቤት የተጻፈ ነው ማለት ነው።

ከሬሱስ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ሆሜር በኢሊያድ 10ኛ መጽሐፍ እንደሚተርከው ሬሱስ ትሮይን ሊረዳ ጦሩን ይዞ የመጣ ንጉሥ ነው። ፈረሶቹ ከበረዶ የነጡ፣ እንደ ነፋስ የሚሮጡ፤ ሠረገላው በወርቅና በብር ያጌጠ ነበር። ይህ ሁሉ ጌጥ አንድ ቀን እንኳ ለውጊያ አልዋለም። ዶሎን የተባለ የትሮይ ሰላይ በግሪኮቹ በኦዲሴየስና በዲዮሜዴስ እጅ ይወድቃል (ይኼኛው ዲዮሜዴስ ፈረሶቹን ሰው ከሚያበላው ጋር የሚጋራው ስም ብቻ ነው)። ሰላዩ ነፍሱን ለማትረፍ፣ አዲስ የመጡት ትራቄዎች ከሰፈሩ ጫፍ ላይ ተኝተዋል ብሎ ይናገራል። ነፍሱም አልተረፈች። ሁለቱ ሰዎች በጨለማ ገብተው 12 ሰው በተኛበት ያርዳሉ፤ 13ኛው ሬሱስ ነው። ከዚያ ፈረሶቹን ነድተው ይሄዳሉ። አለቀ።

አሁን እኛን የሚመለከት ነገር ልጨምር። ከሬሱስ ቀጥሎ ትሮይን ሊረዳ የመጣው ንጉሥ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ነው። ግሪኮች "ኢትዮጵያ" ሲሉ የዛሬዋን ካርታ ማለታቸው እንዳልነበረ ልብ በሉ፤ ከግብፅ በታች ያለውን ሩቅ አገርና አንዳንዴም የፀሐይ መውጫውን ዳርቻ ነበር የሚሉት። ቢሆንም ሁለቱን ንጉሦች አስተያዩአቸው። ሁለቱም ዘግይተው መጡ፣ ሁለቱም ለትሮይ ተሰለፉ፣ ሁለቱም ሞቱ። ሜምኖን ግን ከአኪለስ ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ ነው የወደቀው፤ እናቱ የንጋት አምላክ ስለነበረች ዜውስን ለምና የማይሞት ሕይወት አሰጠችው። ሬሱስ በእንቅልፉ ነው የሄደው።

ይህን ልዩነት ምን አመጣው? የእኔ ግምት ርቀት ነው። የሆሜር ዜውስ ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዶ 12 ቀን ሲጋበዝ ይከርማል፤ "ነቀፋ የሌለባቸው" ይባላሉ። እኛም ይህችን እየጠቀስን ደረታችንን እንነፋለን። ግን አስቡት፤ የሆሜር አድማጭ ከኢትዮጵያውያን ጋር በግጦሽ አልተጣላም፣ መሬታቸው ላይ ከተማ ልሥራ አላለም። ሩቅ ያለ ሰው ቅዱስ ቢባል የሚጎዳ የለም። ትራቄዎች ግን አጠገባቸው ናቸው። ወርቅ አላቸው፣ እንጨት አላቸው፣ አቴና ውስጥ በባርነት የሚሸጠው ብዙ ሰው ከእነሱ አገር የሚመጣ ነበር። እኛ "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" እንላለን። በተረት በኩል ግን ከቅርብ ጎረቤት የሩቁ ዘመድ ይሻላል።

ግምት ብቻ እንዳይሆን ወደ ዲዮሜዴስ እንሂድ። ቢስቶኖች የሚባሉት ትራቄዎች ንጉሥ ነው። ሄርኩለስ ከታዘዙት ሥራዎች 8ኛው የዚህን ሰውዬ ሰው በላ ፈረሶች መውሰድ ነበር። ወሰዳቸው። በአንዱ ትረካ ራሱን ዲዮሜዴስን አበላቸው። አብዴሮስ የተባለ ወጣት ጓደኛው ግን በፈረሶቹ ተቦጫጭቆ ስለሞተ፣ ሄርኩለስ በመቃብሩ ዘንድ ከተማ ቆረቆረ፤ አብዴራ ተባለች ይላል ተረቱ።

አብዴራ እውነተኛ ከተማ ናት። ፍርስራሿ ዛሬም በግሪክ ባሕር ዳርቻ አለ፤ ፈላስፋው ዲሞክሪተስ የተወለደባት ናት። ሄሮዶቱስ አመሠራረቷን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግረናል። መጀመሪያ ከክላዞሜኔ የመጣ ቲሜሲዮስ የሚባል ግሪክ ሊቆረቁራት ሞከረ፤ ትራቄዎች አባረሩት። ኋላ ደግሞ ከፋርሶች የሸሹ የቴዎስ ሰዎች መጥተው ሠፈሩባት። ይህ የሆነው በ6ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ነው። ቁጭ ብላችሁ አስቡ። በመርከብ መጥታችሁ የሰው መሬት ላይ ከተማ ብትሠሩ፣ የቀድሞው ባለ መሬት ምን ዓይነት ሰው ቢሆንላችሁ ትመርጣላችሁ? እንግዳ ለፈረስ የሚያበላ ቢሆን ነገሩ ይቀላል፤ ከእናንተ በፊት ደግሞ ሄርኩለስ ካርታውን አውጥቶላችኋል። ተረቱን የፈጠረው ይህ ብቻ ነው አልልም። ማንን እንደጠቀመ ግን ግልጽ ነው።

የሊኩርጉስም እንዲሁ ነው። ሆሜር ዘንድ ሊኩርጉስ የዲዮኒሰስን ሞግዚቶች በበሬ መንጃ እየወጋ ያባረረ፣ ዜውስም ያሳወረው ሰው ነው። የትኛው አገር ንጉሥ እንደሆነ እዚያ አልተነገረም። ኋላ በመጡት ትረካዎች ግን በስትሪሞን ወንዝ ዳር የሚኖሩት ኤዶኖች ንጉሥ ሆነ። ልጁን የወይን ሐረግ መስሎት በመጥረቢያ ከመታው በኋላ ምድሪቱ ፍሬ ነሣች፤ የገዛ ሕዝቡ ወደ ፓንጋዮን ተራራ ወስዶ አሰረው፤ በፈረሶችም ሞተ። ፓንጋዮን ደግሞ የወርቅና የብር ማዕድን ያለበት ተራራ ነው። አቴናውያን በ460ዎቹ ቅ.ል.ክ. 10,000 ሠፋሪ ወደዚያ ልከው ነበር፤ ወደ ውስጥ ሲገፉ ድራቤስኮስ ላይ ትራቄዎች ፈጇቸው። በ437 አካባቢ ሃግኖን የሚባል አቴናዊ እንደገና መጥቶ አምፊፖሊስን ቆረቆረ።

እዚህ ላይ ሬሱስ ተመልሶ ይመጣል። በ2ኛው መቶ ዓመት (ዓ.ም.) የነበረው ፖሊያኑስ እንደሚተርከው፣ ሃግኖን በትንቢት ቃል ምክንያት የሬሱስን አጥንት ከትሮይ አስወጥቶ በስትሪሞን ዳር አስቀበረ። ትራቄዎች እንዳይሠራ ሲከለክሉት ለሦስት ቀን የዕርቅ ስምምነት ገባ፤ ከዚያ ሌሊት ሌሊት ግንቡን ሠራ፤ ሲጠይቁትም የተስማማው ስለ ቀን እንጂ ስለ ሌሊት እንዳልነበረ መለሰ። ትረካው እውነት ይሁን ተረት፣ ግሪኮቹ ራሳቸው በኩራት የተናገሩት ነው። በእንቅልፉ ያረዱትን ንጉሥ አጥንት አምጥተው በሌሊት ለሠሩት ከተማ ጠባቂ አደረጉት። ለዚህ እንኳ "ምን ታስባለህ?" ብሎ የጠየቀው የለም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ፤ ወደ ቴሬውስ። ቴሬውስ የአቴናውን ንጉሥ የፓንዲዮንን ልጅ ፕሮክኔን አገባ። ኢቲስ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ። ፕሮክኔ እኅቷን ናፈቀች፤ ባሏም ሊያመጣላት ሄደ። በመንገድ ልጅቷን ፊሎሜላን ደፈራት፣ እንዳትናገር ምላሷን ቆረጠ፣ ደብቆ ዘጋባት፤ ለሚስቱ ሞታለች አላት። ፊሎሜላ ግን ሽመና ታውቃለች። የሮማው ኦቪድ እንደሚለው በነጭ ክር ላይ ሐምራዊ ምልክት እያስገባች የደረሰባትን ሸምና ለእኅቷ ላከችላት። ፕሮክኔ ጨርቁን አነበበችው። ከዚያ በኋላ ያለው የበቀል ታሪክ ነው፤ የራሷን ልጅ ኢቲስን አርዳ ለአባቱ አበላችው። መጨረሻ ላይ ሦስቱም ወፍ ሆኑ።

ሴት ሆኜ ይህን ታሪክ "የግሪክ ፕሮፓጋንዳ ነው" ብዬ ማለፍ አልችልም። ምላሷን የተቆረጠች ልጅ ክሷን በጥለት ጽፋ ስታወጣ፣ የሚያምናትም ስታገኝ፣ ከሁሉ በፊት የማየው እሷን ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የደፋሪው ዜግነት ትራቄ መሆኑ ከየት መጣ?

ይህን የጠየቀ ሰው ከእኔ በፊት ነበር፤ ከ2,400 ዓመት በፊት። በ431 ቅ.ል.ክ. አቴና ከኦድሪሶች የትራቄ ንጉሥ ከሲታልኬስ ጋር ኪዳን ገባች። የሲታልኬስ አባት ቴሬስ ይባላል። ቴሬስና ቴሬውስ፤ ስሙ እንዴት እንደሚያምታታ አያችሁ። ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲዲስ በ2ኛው መጽሐፉ የጦርነቱን ትረካ አቁሞ ያስተካክላል። ይህ ቴሬስ ከዚያ ቴሬውስ ጋር አይዛመድም ይላል። ቴሬውስ የኖረው ኋላ ፎኪስ በተባለው የግሪክ ምድር ዳውሊስ በምትባል ቦታ ነው፤ ያኔ እዚያ ትራቄዎች ይኖሩ ነበር። ማስረጃ ይደረድራል፤ ገጣሚዎች የሌሊቷን ዘማሪ ወፍ "የዳውሊስ ወፍ" ይሏታል። ደግሞስ ፓንዲዮን ልጁን የዳረው ለመረዳዳት ከሆነ፣ የብዙ ቀን መንገድ ከሚያስኬደው አገር ይልቅ ለቅርቡ መዳሩ አይቀልም?

በጋዜጣ ቋንቋ ይህ "እርማት" ነው። የወዳጅ ንጉሥ ስም ሳያጣራ በሚወራ ወሬ እንዳይጎድፍ የወጣ እርማት። እርግጥ ቱሲዲዲስ ራሱ ንጹሕ ገለልተኛ አልነበረም፤ አባቱ ኦሎሮስ የሚል የትራቄ ነገሥታት ስም ነበረው፣ እሱም በትራቄ በኩል ወርቅ የማውጣት መብት እንደነበረው ራሱ ጽፏል። ዛሬ ቢሆን "የጥቅም ግጭት" እንለዋለን። ግን ጥቅሙን ሳይደብቅ፣ ማስረጃውን አስቀምጦ ነው የተናገረው። እኔ ይበቃኛል።

ይኸው ሰው ደግሞ ለትራቄዎች እንዳናዳላ ያደርገናል። በ413 ቅ.ል.ክ. 1,300 የትራቄ ቅጥረኛ ወታደሮች ወደ ሲሲሊ ለመዝመት አቴና ደረሱ፤ ግን ዘገዩ። በቀን አንድ ድራክማ ለእያንዳንዱ መክፈል ስለከበዳት አቴና በአንድ የራሷ አዛዥ መሪነት ወደ አገራቸው ሰደደቻቸው፤ በመንገድም ጠላትን እንዲጎዱ አዘዘች። ሚካሌሶስ የምትባል ትንሽ ከተማ ገብተው ያገኙትን ገደሉ፤ ትምህርት ቤት ገብተው ሕፃናቱን ሁሉ ፈጁ። ቱሲዲዲስ ይህን ሳይሸፋፍን ጻፈው። አራጆቹ ትራቄዎች እንደነበሩም፣ የላከቻቸው አቴና እንደነበረችም። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ አሉ። ጎረቤት የሚለው ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ጎረቤት የሚተወው ክፍል ግን አለ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የአባቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኔ ሳልወለድ አርፋለች። በነበረችበት አገር ሰዉ ጠዋት ምጣዷንና ጀበናዋን ይገዛታል፣ ማታ "ጅብ ትሆናለች" ይላል። ስታልፍ ልጆች ምግባቸውን ይሸፍናሉ። አባቴ ይህን የሚነግረን በሳቅ ነው፤ ግን ዛሬም ሰው ፊት ሲበላ ቀና ብሎ አያይም። ስለ አያቴ የሚወራውን ከጎረቤት ሰምቻለሁ። እሷ ስለ ጎረቤቶቿ ያለችው ግን አንድ ቃል አልደረሰኝም፤ ማንበብም መጻፍም አልተማረችም። የቀረን አፏ የተሸረፈ አንዲት ጀበና ናት። ጀበናዋን ሳያት፣ እንዲህ እኩል የወጣ ሆድ የሠራ እጅ ሌሊት ጅብ የመሆኛ ጊዜ ከየት አገኘ እላለሁ።

የትራቄዎችም የቀራቸው የእጅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ቡልጋሪያ ካዛንላክ አጠገብ ወታደሮች ሲቆፍሩ የትራቄ መቃብር አገኙ። ዕድሜው 2,300 ዓመት ገደማ ነው፤ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጣሪያው በሥዕል የተሞላ ነው። መኻል ላይ ባልና ሚስት በማዕድ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታለች። በግራ በቀኝ አገልጋዮች አሉ፣ ፈረሶች አሉ። ፈረሶቹ ሰው አይበሉም። በ1949 ደግሞ ፓናጊዩሪሽቴ ላይ ሸክላ አፈር የሚቆፍሩ ወንድማማቾች ከ6 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ 9 የወርቅ ዕቃዎች አወጡ፤ የመጠጥ ዕቃዎች ናቸው፣ ለእንግዳ የሚቀርብባቸው። እንግዳ ለፈረስ ይሰጣል ከተባለው አገር ማለት ነው።

አንድ የመቃብር ሥዕል ነገሥታቱ ሁሉ ደጎች ነበሩ ለማለት አይበቃም፤ ሬሳ አጠገብ ክፉ ነገር የሚሥል የለም። ግን የመጀመሪያው የእነሱ ወገን ምስክርነት ነው፤ በፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ነገር አለ። አንዱ ወገን ስልክ ያነሣል፣ ጥሩ ይናገራል፣ ሰነድ ይልካል። ሌላው ስልክ የለውም፣ ወይም ቋንቋችንን አይናገርም፣ ወይም ፈርቷል። "ሊገኙ አልቻሉም" የምትል አንዲት መስመር ጨምሮ ማተም ቀላል ነው። እኔ አሁን ያቺን መስመር ከመጻፌ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህን የሚነግረኝ ሰው ከሚከሰው ሰው ምን ይፈልጋል? መሬት ነው፣ ወርቅ ነው፣ ሸክላ ነው? ያ የማይናገረው ሰው በአፉ ባይሆን በእጁ የተወው ነገር አለ? ደግሞ በዚህ ክስ ውስጥ እውነተኛ ፊሎሜላ አለች? ካለች፣ የደፋሪዋን ብሔር ከማጣራቴ በፊት ጨርቋን ማንበብ አለብኝ።

እስቲ እናንተም ስለ ማዶ ሰፈር ሰዎች ልጅ ሆናችሁ የሰማችሁትን አስታውሱ። ከዚያ እዚያ ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። ምን እንደተባለላችሁ ሳይሆን ስለ እናንተ ምን እንደሚባል ጠይቁ። እርግጠኛ ነኝ፣ እናንተም እዚያ የሆነ ነገር ታበላላችሁ።